ከቡና መቀሸሪያ እስከ ሣር ማጨጃ፦ የጅማ ልጆችና የአሮጌ ትራክተር ጥገና በአሜሪካ

ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ትራክተር ሲያረጅ ቀድሞ የሚያስቸግረው ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ሳይሆን ከሆዱ ሥር የተንጠለጠለው ዴክ ነው። ዴክ ምላጮቹን ከላይ የሚሸፍን የብረት ሣጥን ሲሆን፣ 42 ኢንች ወይም 107 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምላጭ፣ ሰፋ ያለው ደግሞ ሦስት ይይዛል። ከሞተሩ ሥር ካለው ፑሌጃ የሚነሳ ረጅም ቺንጋ በወጣሪ ፑሌጃዎች በኩል ዞሮ የየምላጩን ዘንግ ያሽከረክራል። ዘንጉን ከላይና ከታች የሚይዙት ኩሽኔታዎች ናቸው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ጅማ ወይም አጋሮ ውስጥ ቡና መቀሸሪያ ወይም ወፍጮ ቤት አጠገብ ላደገ ሰው እንግዳ የሚሆን ክፍል የለበትም።

እንግዳው ነገር ሣርን ለመልኩ ብሎ ማጨድ ነው። ጅማ፣ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት ሣር የከብት መኖ ነው፤ በማጭድ ታጭዶ በሸክም ይመጣል፣ ጥቂቱም ለቡና ይጎዘጎዛል። አሜሪካ ውስጥ ግን የግቢ ሣር የሚታጨደው ለመኖ ሳይሆን ለመልኩ ነው፤ አለመታጨዱም ያስጠይቃል። በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ከግማሽ ኤከር በታች በሆነ መኖሪያ ቦታ ላይ ሣር ከ12 ኢንች እንዲበልጥ አይፈቀድም። ብዙ የኦሮሞ ተወላጆች በሚኖሩባት በሚኒያፖሊስ ደግሞ ገደቡ 8 ኢንች ነው። በኪራይ አፓርታማ የተጀመረው ኑሮ ወደ ራስ ቤት ሲዛወር፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑም ሰፊ ግቢ ያለው ሕንፃ ሲይዙ፣ በእጅ የሚገፋው ማጨጃ አልበቃ አለ። ጆን ዲር የተባለው ኩባንያ 110 የሚባለውን የራሱን የመጀመሪያ የግቢ ትራክተር እ.ኤ.አ. በ1963 ካወጣ ወዲህ አገሩ በዚህ ዓይነት ማሽን ስለተሞላ፣ ያገለገለ ትራክተር በርካሽ ይገኛል። ርካሽነቱ ከነሕመሙ ነው። ለጥገና ቤት የሚከፈለው አንዳንዴ ከመግዣው ስለሚበልጥ፣ በጅማ መርካቶ ቺንጋና ኩሽኔታ በቁጥሩ እየጠራ ሲገዛ የኖረ ሰው ቅዳሜ ጠዋት የመስጊዱን ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ትራክተር ራሱ ይፈታል። ትራክተርን በራስ እጅ የመጠገን ልማድ በውጭ አገር ሥር የሰደደው በዚህ መንገድ ነው።

ዴክ ለመጠገን ከሁሉ በፊት ሞተሩ ይጠፋል፣ የማስነሻ ቁልፉ ይወጣል፣ የካንዴላው ሽቦ ተነቅሎ ይርቃል። ምላጩ በእጅ ሲገፋ በቺንጋው በኩል ሞተሩን ሊያዞረው ይችላልና ይህ የሚታለፍ አይደለም። በክሪክ ብቻ በተነሳ ትራክተር ሥርም አይገባም፤ ጠንካራ እንጨት ይደገፍበታል። ዴክን በጥቂት ፒኖች ፈትቶ በጎን ማውጣት ስለሚቻል፣ ጀርባ ላይ ተኝቶ ከመሥራት አውጥቶ መገልበጥ ይሻላል።

ከመቀሸሪያ ቤት የመጣው ልምድ የሚያሳስተው ቺንጋው ላይ ነው። መቀሸሪያ ቤት ቺንጋ ሲንሸራተት ሞተሩ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ቡሎኑ ይጠብቃል፣ ጀንፈሉ መቀሸሩን ይቀጥላል። ዴክ ላይ ውጥረቱን የሚሰጠው ሞላ የሚስበው ወጣሪ ፑሌጃ ነው፤ ምላጩን የሚያስነሳው ማንሻ ሲመለስ ቺንጋው መላላት አለበት። አጠር ያለ ቺንጋ በጉልበት የከተተ ሰው መንሸራተቱን ያቆም ይሆናል፤ ግን ኩሽኔታውን ያስበላል፣ ምላጩም ማንሻው ተመልሶ ሳለ መዞሩን ይቀጥላል። የብዙ ትራክተሮች መመሪያ ምላጩ በ5 ሰከንድ ውስጥ መቆም እንዳለበት ይናገራል። ከዚያ ካለፈ ማሽኑ ከመጠገኑ በፊት ሥራ ላይ አይውልም። የመኪና ቺንጋም ቢገጥም አይሆንም፤ የዴክ ቺንጋ በተነሳና በቆመ ቁጥር ፑሌጃው ላይ እየተንሸራተተ ስለሚሠራ፣ ውስጡ የኬቭላር ክር፣ ውጪው ጨርቅ የለበሰ ዓይነት ያስፈልገዋል። የመኪናው ቶሎ ይቃጠላል፣ ሽታውም ይታወቃል።

ቺንጋ በወለቀ ቁጥር አዲስ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቺንጋ የሚወልቀው አብዛኛውን ጊዜ የላላ ሞላ፣ ያዘመመ ወጣሪ ፑሌጃ፣ የተጣመመ የቺንጋ መያዣ ሽቦ ወይም ፑሌጃው ጎድጓዳ ውስጥ የታጨቀ ደረቅ ሣር ሲኖር ነው። እነዚህ ሳይታዩ የተገጠመ አዲስ ቺንጋ እንደ አሮጌው ይወልቃል።

ኩሽኔታን ለመመርመር ቺንጋው ይወጣና እያንዳንዱ ፑሌጃ ለየብቻ በጣት ይሽከረከራል። ደህናው ዝም ብሎ ዞሮ ይቆማል፤ የተበላው ይንኮሻኮሻል ወይም እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ የምላጩ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች ይወዘወዛል፤ ዘንጉ አብሮ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል። በብዙ ዴኮች ላይ የሚገኘው 6203 የሚባለው፣ ውስጡ 17፣ ውጪው 40 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። ይህ ቁጥር በኤሌክትሪክ ሞተርና በሞተር ሳይክልም ስለሚገባ፣ በትራክተሩ ኩባንያ ስም ከታሸገው ይልቅ ኩሽኔታ ሻጭ ዘንድ ረከስ ብሎ ይገኛል። ግራሶ ማስገቢያ ያለው ዴክ በየጊዜው ግራሶ ይፈልጋል። አንዳንድ ዴክ ላይ የሚገኘው የውኃ ጎማ መግጠሚያ ግን ባይነካ ይመረጣል፤ ከሥር ያለውን ሣር ሲያጥብ ውኃውን ወደ ኩሽኔታው ሊሰድ ይችላል። በእንጨት መፋቅ ይበልጣል።

አጨዳው ሲበላሽ ምክንያቱን ሣሩ ራሱ ይናገራል። አንዱ ጎን ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ከታጨደ ዴኩ አዘንብሏል። ግን ዴኩ ከመስተካከሉ በፊት ጎማዎቹ ይለካሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ፒኤስአይ ይይዛሉ፣ የአንዱ መጉደል ብቻውን ዴክ ያጋድላል። የግራና የቀኝ ልዩነት ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ፣ ፊቱም ከኋላው ትንሽ ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። በሁለቱ ምላጮች መካከል ያልታጨደ መስመር ከቀረ የምላጮቹ ጫፍ አልቋል ወይም ቺንጋው ይንሸራተታል። የሣሩ ጫፍ ተበጣጥሶ ከነጣ ምላጩ ደንዟል። ምላጭ ከተሳለ በኋላ መሐሉ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ባላንሱ ይታያል፤ አንዱ ጎን ከወረደ ከዚያው ጎን ይሞረዳል። ሲመለስም የተቀለበሰው ክንፉ ወደ ዴኩ፣ ወደ ላይ ይዞራል፤ ተገልብጦ የገባ ምላጭ ሣሩን ይደበድባል እንጂ አይቆርጥም።

ምላጩ ጨርሶ አልነሳ ካለ ማንሻ ባለው ትራክተር የተለጠጠ ኬብል፣ በኤሌክትሪክ በሚሠራው ደግሞ ደካማ ባትሪ ቀድመው ይጠረጠራሉ። ነጂው ሲነሳ ሞተሩን የሚያጠፋውን የመቀመጫ ስዊች በሽቦ ማለፍ የተለመደ አቋራጭ ነው፤ መደረግ የለበትም።

ዕቃ ሲታዘዝ ከስሙ ይልቅ ከመቀመጫው ሥር የተለጠፈው የሞዴል ቁጥር ይበልጣል። ክራፍትስማን በሚል ስም ሲርስ ሲሸጣቸው ከነበሩት ውስጥ ቁጥራቸው በ917 የሚጀምረው ብዙዎቹ በሳውዝ ካሮላይና ኦሬንጅበርግ የተሠሩ ናቸው፤ የሀስክቫርና ዕቃም ለብዙዎቹ ይገጥማል። በ247 የሚጀምረው ኤምቲዲ የሠራው ስለሆነ ዕቃው ሌላ ነው። የተሰነጠቀ የዘንግ ማቀፊያ ተገዝቶ ይቀየራል እንጂ አይበየድም። ዝገት ማቀፊያው የሚታሰርበትን ብረት ከበላው ግን ለዚያ ዴክ ኩሽኔታም ሆነ ቺንጋ መግዛት አያዋጣም፤ የሚሻለው ቁጥሩ አንድ ከሆነ፣ ሞተሩ ከሞተ ትራክተር ላይ ደህና ዴክ ፈልጎ መግዛት ነው።