የማን ልጅ ነህ?

በእኔ ዕድሜ ያሉ ሁለት ሰዎች ቡና ይዘው ከተቀመጡ ወሬው ዞሮ ዞሮ ልጆች ላይ ያርፋል። «እኛ እኮ ጠዋት ወጥተን ማታ ነበር የምንገባው! የት ዋልክ የሚለን አልነበረም። የዛሬ ልጆች ምስኪን… እስረኞች ናቸው።» ይህን ያለው ሰው አምስት ደቂቃ ሳይቆይ ስልኩን ያወጣና ልጁ ከትምህርት ቤት መመለሱን ያጣራል። በዚህ አልስቅም፤ ማንም ወላጅ የሚያደርገው ነው። የሚጎረብጠኝ «የት ዋልክ የሚለን አልነበረም» የሚለው ነው። እውነት አይደለም። ቢያንስ እኔ ባደግኩበት በዲላ እውነት አልነበረም። እንዲያውም የሚለን ሰው በዝቶብን ነበር የተቸገርነው።

እኔ ነፍስ ሳውቅ ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ጥቂት ጊዜ ነበር የቀራቸው። ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ መሐል ለመሐል የሚያቋርጣት የቡና ገበያ ነበረች፤ ዛሬም ናት። አካባቢው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር «ደራሳ አውራጃ» ይባል ነበር። ጌዴኦ የሚለው የሕዝቡ የራሱ መጠሪያ መንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ልጅ ቁርሱን እንደቀመሰ ይወጣል። ወንዝ ይወርዳል፣ ዘይቱን ይለቅማል፣ ቡና መጋዘን ደጅ በተከመረ ጆንያ ላይ ይዘላል፣ የቆመ የጭነት መኪና ሥር ገብቶ ብይ ይጫወታል። ልጅን ብሎ የታጠረ አጥር፣ ልጅን ብሎ የተቀጠረ ዘበኛ አልነበረም። የነበረው አንድ ጥያቄ ነው፦ «አንተ! የማን ልጅ ነህ?»

ይህን ማንም ይጠይቃል። ባለሱቁ ይጠይቃል፣ ጠጅ ጣይዋ ትጠይቃለች፣ የቡና ነጋዴው ሚዛን ያዥ ይጠይቃል፣ ከገጠር ቆጮ ይዛ ገበያ የመጣችው እናት በጌዴኡፋ ትጠይቃለች። መመለስ ግዴታ ነው። የአባትህን ስም ከተናገርክ በኋላ ከሁለት አንዱ ይከተላል፤ ወይ ጆሮህን ተይዘህ ወደ ቤትህ ትሸኛለህ፣ ወይ እዚያው አንድ ጥፊ ትቀምሳለህ። ጥፊውን ለእናትህ ብትናገር «ምን አድርገህ ነው?» ተብሎ ሁለተኛው ይጨመርልሃል። ማታ ላይ እናትህ ጎረቤቷን ስታገኛት «እትዬ፣ እጅዎን ይባርከው» ትላለች እንጂ በማን ፈቃድ ብላ አትጠይቅም። የአማርኛው «ልጅ» ለዚህ የተመቸ ቃል ነው፤ ዕድሜንም ይነግራል፣ ዝምድናንም ይነግራል። ጠያቂው በሦስት ቃል ልጅ መሆንህን አየሁ፣ አሁን ባለቤትህን ንገረኝ ይልሃል። ከተማዋ ደግሞ የአባት ስም እንደ አድራሻ የሚያገለግልባት ትንሽ ከተማ ነበረች።

ከከተማው ወጣ ሲባል መልኩ ይለያል፣ ሥራው ያው ነው። የጌዴኦ ገጠር ሜዳ አይደለም። እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፍ ተደራርበው የሚበቅሉበት፣ ቤቶች በመሐላቸው የተበተኑበት አገር ነው፤ ዩኔስኮ በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው። በ1999ኙ ቆጠራ በዞኑ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ያህል ሰው ይኖር ነበር። ልጁ ከእንሰቱ ሥር ሲያልፍ ብቻውን የሚሄድ ይመስለዋል። ቢጮህ ግን የሚሰማው አያጣም።

እንግዲህ ይህን ስል ያኔ ልጅ ደኅና ነበር ማለቴ አይደለም። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ከመጽሐፎቹ ሁሉ ይልቅ ያስገርመኝ የነበረው የተማሪዎች ስም ዝርዝር ነው። ክፍል ገብቼ ስም እጠራለሁ፦ ምትኩ፣ ካሣ፣ ማስረሻ፣ ተረፈ… «አቤት» ይላሉ። ምትኩ የማን ምትክ ነው? ካሣስ የማን ካሣ ነው? ማስረሻ ማንን ሊያስረሳ ተወለደ? ከብዙዎቹ ስሞች ጀርባ አንድ በሕፃንነቱ የተቀበረ ወንድም ወይም እኅት አለ። አላምረው የሚባልም ነበረኝ፤ ቡዳም ሞትም እንዳይመኘው እናቱ አስቀድማ «አያምርም» ያለችው ልጅ። የዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ገብታችሁ ስም ብታስጠሩ ናኦል፣ ኤልዳና፣ አሜን ነው የምትሰሙት። ሞትን የማያውቁ ስሞች ናቸው፤ ደስ ይላል። ቁጥሩም ይህንኑ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2019 ወደ 59 ወርዷል። በእኔ ልጅነት ከሁለቱም የባሰ ነበር።

ስለዚህ የድሮ ወላጅ ደፋር ነበር፣ የዛሬው ፈሪ ነው የሚባለው አይዋጥልኝም። የድሮው ወላጅ የሚፈራው በአጥር የማይመለስ ነገር ነበር። ፈንጣጣን ለማጥፋት የተጀመረው ዘመቻ አገራችን የገባው በ1963 ነው፤ የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ነው። መደበኛው የሕፃናት ክትባት የተጀመረው ደግሞ በ1972። ከዚያ በፊት ያለው መከላከያ ክታብ፣ ጤና አዳምና ስለት ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ በዛብህ በሕፃንነቱ ሲታመም ወላጆቹ ያደረጉት ለቤተ ክርስቲያን መሳል ነው፤ ስለቱ አዳነውም ተብሎ ዕድሜውን ሙሉ አሳደደው። እኛ ሰፈር ኩፍኝ የገባበት ቤት ቡና አይቆላም ነበር፤ ሽታው ሕመምተኛውን ይጎዳል ይባላል። በቡና ከተማ ቡና የማይሸትበት ቤት ሲደርስ አላፊ አግዳሚው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እንዲህ ያለ ነገር ቤቱ ውስጥ ተቀምጦበት ወንዝና መንገድ ምኑ ነው? ወንዙ ቢያንስ ይታያል።

ሌላም የምንዘለው ነገር አለ። «ጠዋት ወጥተን ማታ» የምንለው እኛ ወንዶቹ ነን። ሴት ልጅም ወንዝ ትወርዳለች፤ እንስራ ተሸክማ። ለእሷ «የማን ልጅ ነሽ?» የሚለው ጥያቄ ሌላ ትርጉም ነበረው፤ አንዳንዴ የሽምግልና መጀመሪያ ነው፣ አንዳንዴ የከፋ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠላፊው የጠለፋትን በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዕድሜውን 18 አደረገ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለጠላፊ የተተወችውን ቀዳዳ ዘጋ። እኅቶቻችን ስለ «ነፃው ልጅነታችን» ስናወራ ዝም የሚሉት ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቋቸው።

ታዲያ ጥያቄው መቼ ተበላሸ? እኔን ከጠየቃችሁ መልሱ መኪናም፣ ቴሌቪዥንም፣ ስልክም አይደለም። በ1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ፤ ቀበሌ የምንለው። መጀመሪያ ላይ ስኳር አከፋፈለ፣ ጠብ አበረደ፤ ክፉ አልነበረም። በ1969 እና በ1970 ግን ነገሩ ተገለበጠ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ያ ዓይን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማን ማታ እንደሚወጣ የሚያውቀው ዓይን፣ አሁን ሪፖርት የሚጽፍ ዓይን ሆነ። «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው ጠመንጃ ሊኖረው ይችላል፤ የምትሰጠው ስም አባትህን ወይም ታላቅ ወንድምህን ሊያስጠራ ይችላል። እናቶቻችን የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጆችን «አላውቅም በል» ብለው ማስተማር ጀመሩ። እስከዚያ ቀን አለመመለስ ብልግና ነበር።

ከዚያ ደግሞ አፈሳ መጣ። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ወጣ፤ ሕጉ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ነው የሚጠራው፣ አፋሹ ግን ቁመት እንጂ ዕድሜ አይለካም። እኔ በ1978 አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሁለት ሳምንት ቡና መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ጀርባ አድሬያለሁ፤ ቡናው ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ያስነጥሰኛል። በር ዘግቶ ልጅ ማሳደግን ሌባ አላስተማረንም፤ መንግሥት ነው ያስተማረን። የሚገርመው፣ ያው መንግሥት የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት የተቀበለው በግንቦት 1983 መጀመሪያ፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሊሄዱ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ነው። ምን ይባላል እንግዲህ!

ከ1983 በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኤድስ መጣና ልጅ ሁሉ የራሱን ምላጭ ይዞ ፀጉር አስተካካይ ቤት ሄደ። መንገዱ በመኪና ተሞላ፤ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ሕዝቡ የሰየመው በ1990ዎቹ ነው፣ ስም አወጣጡ ላይ ሕዝባችን አይታማም። ጆንያ ሥር ብይ መጫወት ቀርቶ መንገዱን መሻገር ሥራ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በመሰል ተቋማት በአካል እንዳይቀጡ ደነገገ። መንፈሱ ቀስ በቀስ ወደ ሰፈርም ወረደ፤ ዛሬ የጎረቤትን ልጅ በጥፊ የሚመታ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚያድረው። ጥፊው በመቅረቱ አንድ ቀን አልቆጨኝም፤ ከበሉት አንዱ ነኝ። ግን ጥፊው ብቻውን አልሄደም፣ ጥያቄውን ይዞት ሄደ። ሰው የመቅጣት ሥልጣኑን ሲያጣ ያገባኛል ማለቱንም ተወ። ልጅ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያለቅስ አሥር ሰው ያልፋል፤ አሥሩም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቢጠጉ ምን ሊባሉ እንደሚችሉ ያውቃሉ።

ከተማዋም አድጋለች። በ1999 ቆጠራ 59,150 ሰው ነበረባት፣ ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲውም ንግዱም ብዙ እንግዳ ጨምሮባታል። የአባት ስም አድራሻ መሆኑ ቀርቷል። የልጁም ቁጥር አንሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት የከተማ ሴት በአማካይ 2.3፣ የገጠሯ 5.2 ልጅ ትወልድ ነበር። ይህን ስጽፍ ብዙ የወለደ ለአንዱ አያዝንም የሚል እንዳይመስላችሁ፤ እነማስረሻን አስታውሱ። ግን ሁለት ልጅ ያለው ቤት ትልቁን ልጅ ለትንሹ ጠባቂ አድርጎ መላክ አይችልም። እኛን ወንዝ ይዘውን የሚወርዱት እነዚያ ታላላቆቻችን ነበሩ። አሁን ልጆቻችንን «የማታውቁት ሰው ስም ቢጠይቃችሁ እንዳትመልሱ፣ ሩጡ» እንላቸዋለን። ትክክል ነን። የእናቶቻችን «አላውቅም በል» ግን ትዝ ይለኛል።

ጥያቄው ከዚህም የከፋ ትርጉም አግኝቶ ነበር፤ የማን ወገን ነህ የሚል። በ2010 ሚያዝያ ገደማ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። የሚበዙት ጌዴኦዎች ነበሩ፣ ጉጂዎችም ተፈናቅለዋል። አንድ ገበያ የሚውሉ፣ የሚጋቡ፣ ደም ሲፋሰሱ በጎንዶሮ ሥርዓት የሚታረቁ ሕዝቦች ናቸው። ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያላለቀው ሕንፃ ሁሉ በተፈናቃይ ተሞላ፤ በሩጫው ከወላጆቻቸው የተለያዩ ልጆች መመዝገብ ነበረባቸው። መዝጋቢው የሚጠይቀው ያንኑ የድሮውን ጥያቄ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ግን የአባቱን ስም አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው «አባዬ»ን ነው። በመንደሩ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው ፊቱን አይቶ መልሱን ይናገርለት ነበር። መንደሩ አብሮት ስለተበተነ ነው ጥያቄው ወረቀት ላይ የወረደው።

አሁን ዲላ ላይ ጠዋት ጠዋት ልጆችን የሚያመላልሱት ባጃጆች ናቸው። በወር ይከፈላቸዋል፤ ሦስት ሰው በምትጭን ባጃጅ ስድስት ሰባት ሕፃን ከነቦርሳው ይታጨቃል። የማውቀው አንድ ነጂ አለ፣ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ልጅ። የሰባቱንም የአባት ስም፣ የቤታቸውን በር ቀለም፣ የትኛዋ ልጅ ውሻ እንደምትፈራ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንዷን ልጅ ቤት ሲያንኳኳ የሚከፍት የለም፣ ስልክም አይነሣም። ሕፃኗን በር ላይ ጥሎ መሄድ አልሆነለትም፤ ወደ ሚስቱ ወሰዳት። ምሳ በላች፣ ተኛች። እናትየው ከሁለት ሰዓት በኋላ እየጮኸች ደረሰች። «በማን ፈቃድ ነው ልጄን ቤትህ የምትወስዳት?»

«እትዬ፣ የማን ልጅ እንደሆነች አውቃለሁ እኮ» አላት።

በሚቀጥለው ወር ልጅቷን ወደ ሌላ ባጃጅ ቀየረቻት።