ዱካክ፣ ቫኪዩም ክሊነር እና የአጎቴ ሌሊት

አያቴ ዘመንን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ከመንቀጥቀጡ በፊትና ከመንቀጥቀጡ በኋላ። በ1953 ዓ.ም ግንቦት መጨረሻ ላይ ካራቆሬን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሶ፣ የካራቆሬን ቤቶች ጥሎ፣ የደሴን መንገድ ሰነጣጥቆ ነው ያለፈው። አያቴ ያኔ ልጅ ነበረች። ሰዉ ቤቱን ፈርቶ ሜዳ ላይ ማደሩን ዛሬም ትተርካለች። ታዲያ አጎቴ ማታ ማንኮራፋት ሲጀምር ከጓዳ ሆና «ሃምሳ ሦስት መጣ!» ትል ነበር። እኛም እንስቃለን።

ሳቃችን የቆመው ከዓመታት በፊት አንድ ጠዋት እትዬ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ቡና እያፈላች በተናገረችው ነገር ነው።

«ማንኮራፋቱስ ይሁን። እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ሲል ነው።»

ዝም ይላል። እሷ በጨለማ ትቆጥራለች። አሥር… አሥራ አምስት… ሃያ አምስት። ከዚያ ውሃ ውስጥ ገብቶ እንደወጣ ሰው እየተንሰፈሰፈ ትንፋሹን ይስባል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ዝም። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው።

አያቴ «ዱካክ ነው» ብላ ፈረደች። ፍርዷ ግን አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። ዱካክ የተጫነው ሰው ጠዋት ይናገራል፤ «ነቅቼ መንቀሳቀስ አቃተኝ» ይላል። አጎቴ ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ራሱን እንደሚያመውና ቀን ቀን እንቅልፍ እንደሚጥለው ብቻ ነው።

አጎቴ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ደብረ ብርሃን ጭኖ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በሸዋ ሮቢትና በካራቆሬ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻና ሚሌ ይነዳል። ሌሊቱን ሲታነቅ ያደረ ሰው ጠዋት ያን ቁልቁለት ይወርዳል ማለት ነው። ቀልዱ ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ተመረመረ። ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ጊዜ የሚመጣ የትንፋሽ መቋረጥ ተባለ። ሲፓፕ የሚባል፣ በቱቦና በማስክ አየር የሚነፋ መሣሪያ ተሰጠው። ስምንት ዓመት አብረው አደሩ። ዘንድሮ መሣሪያው መጀመሪያ ያፏጭ ጀመር፣ ከዚያ አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እሱ ሳይመጣ ቀረ። አጎቴም መኪናውን አቆመ።

«ምን ዓይነት እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ እኔ ላይ ወደቀ (ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ቤተሰቡ ውስጥ ሁሉን አዋቂ ነው)። ዋጋና ሞዴል ፍለጋ ገባሁና ታሪክ ውስጥ ተዘፈቅሁ። አሁን ግን ታሪኩን ሳያውቁ ዕቃውን መምረጥ እንደማይቻል አምኛለሁ። ወደ ገደለው ልግባ።

በካርታ ጨዋታ መሀል ያንቀላፋው ሰውዬ

በሽታው አዲስ አይደለም። አዲሱ ስሙ ነው። ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1836 እና 1837 በተከታታይ ባሳተመው የፒክዊክ ልብ ወለድ ውስጥ ጆ የሚባል ወፍራም ልጅ አለ። ቆሞ ይተኛል፣ በር እያንኳኳ ይተኛል፣ ሲተኛም ያንኮራፋል። አንባቢ ስቆበት አለፈ። እኛም በአጎቴ ስቀናል፣ ስለዚህ አልፈርድም።

በ1956 በርዌል የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ስለ አንድ ነጋዴ ጻፉ። ሰውዬው ፖከር ሲጫወት ሦስት አስና ሁለት ንጉሥ ይደርሰዋል። ይህን የመሰለ ካርታ ይዞ… እንቅልፍ ወሰደው! ሐኪም ቤት የወሰደው ይኸው ነው። ሐኪሞቹ ሕመሙን በዲከንስ መጽሐፍ ስም ጠሩት። ስም ሰጡት እንጂ ሌሊት የሚሆነውን ግን አላዩም። ጥፋቱን በውፍረቱና በደሙ ውስጥ በሚከማቸው የተቃጠለ አየር ላይ ጣሉት።

ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያዩት በ1965 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ እነ ጋስቶ፣ ጀርመን ውስጥ ዩንግና ኩህሎ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ የተኛን ሰው ትንፋሽና አንጎል አብረው መዘገቡ። ያገኙት እትዬ በጨለማ ስትቆጥር ያገኘችውን ነው። ሰውዬው ሲተኛ ጉሮሮው ይላላል፣ ይጣበቃል፣ አየር ይቆማል። አንጎል ይደነግጥና ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል፤ ጉሮሮው ይከፈታል። ሰውዬው መቀስቀሱን እንኳ አያውቅም። ይህ በሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ሲመላለስ «ተኛሁ» ያለው ሰው አልተኛም ማለት ነው።

መድኃኒቱስ? እዚህ ላይ ታሪኩ ይጨልማል። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል አስተማማኙ ሕክምና አንገት ላይ ቀዳዳ መብሳት ነበር። ማታ ይከፈታል፣ በእሱ ይተነፈሳል፤ ቀን ይደፈናል። ይሠራል። ግን እስቲ ለአጎቴ ንገሩት።

የሲድኒው ሌሊት

በ1980፣ በእኛ 1972 ዓ.ም፣ ሲድኒ ውስጥ አንድ የግንባታ ሠራተኛ እንደ አጎቴ ያለ ሰው ሆኖ ተገኘ። አንገትህ ይበሳ ሲባል አልፈለገም። ሐኪሙ ኮሊን ሱሊቫን ሌላ ሐሳብ ነበረው። ጉሮሮው የሚጣበቀው ለስላሳ ስለሆነ ነው፤ ታዲያ ለምን ከውስጥ በአየር አንወጥረውም?

ሐሳቡ እንዲያው ከሰማይ የወረደ አልነበረም። በ1971 ጆርጅ ግሪጎሪ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ሳንባቸው ያልጠናላቸው ጨቅላዎች ሳንባቸው እንዳይጨማደድ የማያቋርጥ ቀላል የአየር ግፊት ሰጥተው ነበር። (በነገራችን ላይ ይኼኛው ዘር አገራችን ውስጥ በደንብ ይታወቃል። በሆስፒታሎቻችን የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች የቱቦውን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚሠራው «በብል ሲፓፕ» ስንት ሕፃን አትርፏል። የሲፓፕ ግፊት «በሴንቲሜትር ውሃ» የሚለካበት ምክንያትም በእሱ ላይ በዓይን ይታያል፤ ቱቦው 6 ሴንቲሜትር ከጠለቀ ግፊቱ 6 ነው።)

ሱሊቫን የቫኪዩም ክሊነር ሞተር ወሰደና አዞረው፤ መምጠጡን ትቶ እንዲነፋ። ቱቦ ቀጠለለት። በአፍንጫ ላይ የሚገጠም ማስክ ሠርቶ በሲሊኮን አጣበቀው። ሰውዬው ተኛ። ግፊቱ ከፍ ሲል ትንፋሹ ተስተካከለ፤ ዝቅ ሲል ታነቀ፤ እንደገና ከፍ ሲል ተስተካከለ። ሌሊቱን በጥልቅ እንቅልፍ አደረ። በ1981 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ላይ የአምስት ሕሙማን ውጤት ወጣ። ያስፈለጋቸው ግፊት ከ4.5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ውሃ ብቻ ነበር። አንገት መብሳትን ያስቀረው ይህ ቀላል ንፋስ ነው።

ይህን ለአጎቴ ሳስረዳው ብዙም አልተደነቀም። «ጉሮሮዬን እንደ ጎማ ይነፋዋል በይኛ! አየር የሌለው ጎማ ይተኛል።» በቃ፣ የሱሊቫንን ጽሑፍ በአንድ መስመር ጨረሰው።

ከዚያ ኩባንያዎቹ መጡ። ሬስፒሮኒክስ በ1985 መሣሪያውን አሜሪካ ገበያ ላይ አወጣው። በ1989 የሱሊቫንን ፈጠራ ይዞ ዛሬ ሬስሜድ የምንለው ኩባንያ አውስትራሊያ ውስጥ ተቋቋመ። በ1990ዎቹ ግፊቱን ራሱ እያስተካከለ የሚያድር አውቶማቲክ ዓይነት ተጨመረ። የጎረቤት ጄነሬተር የሚመስለው ድምፅም በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ። እንዲቀንስ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ድምፅ የሚውጥ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁን ያዙልኝ።

ስፖንጁ

ፊሊፕስ ሬስፒሮኒክስን በ2008 ጠቀለለ። በሰኔ 2021 ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎቹን መልሱልኝ ብሎ ጠራ። ቁጥሩ በኋላ በዓለም ዙሪያ ወደ 5.5 ሚሊዮን ደረሰ። ምክንያቱ ያ ድምፅ እንዲውጥ የተገጠመው የፖሊዩሪቴን ስፖንጅ ነው። እያረጀ ሊፈረፈር ይችላል፤ ፍርፋሪውና የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ በቀጥታ ወደ ተኛው ሰው ሳንባ ነው የሚነፋው። ኩባንያው ራሱ ሙቀትና እርጥበት፣ እንዲሁም በኦዞን ማጽዳት ነገሩን እንደሚያባብሱት ገለጸ። በ2024 መጀመሪያ አዲስ መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ አቆመ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ለተጎዱ ከሳሾች 1.1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። የእኛ ሰው መሣሪያ የሚመጣው እንዴት ነው? በሻንጣ ነው። አንዱ አሜሪካ ያለ ዘመድ ያገለገለ ዕቃ በቅናሽ ያገኛል፣ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ያስይዛል። ለእኛም ቀርቦልን ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአጎቴ ልጅ «እንደ አዲስ ነው፣ ዓርብ የሚመጣ ሰው አለ» ብሎ ደወለ። ሻጩን የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ጠይቅልኝ አልኩት፤ ቁጥሩ ካለ መሣሪያው ከተጠሩት መሀል መሆኑና ጥገና ማግኘቱ ይጣራል። ሻጩ አልላከም። እኛም ተውነው።

ታሪክ ያስተማረኝ የመጀመሪያው የምርጫ መስፈርት ይህ ነው፤ ቁጥሩ የማይታይ መሣሪያ አፍንጫ ላይ አይገጠምም። በሻንጣ የሚላከው ከ2021 በፊት የተሠራ ከሆነማ ማጣራቱ ግዴታ ነው።

ከፍታው፣ ሙቀቱ፣ መብራቱ

ሁለተኛውን መስፈርት ያስተማረኝ የአጎቴ መንገድ ነው። መሣሪያው አየር እየሳበ ነው የሚነፋው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያንኑ ግፊት ለመስጠት ሞተሩ የበለጠ መሽከርከር አለበት። ድሮ ከፍታውን በእጅ ማስገባት ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ራሱ ያስተካክላል፤ ግን እስከ ገደቡ። ገደቡ መመሪያው ላይ ተጽፏል። በፊሊፕስ ድሪምስቴሽን 2,286 ሜትር፣ በሬስሜድ ኤርሴንስ 10 ደግሞ 2,591፣ በኤርሴንስ 11 ወደ 3,010 ሜትር ነው።

አሁን የእኛን አገር አስቡ። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ትበልጣለች፣ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ትወርዳለች። አጎቴ አንድ ሳምንት ውስጥ ሦስቱም ጋ ሊያድር ይችላል። ገደቡን ማለፍ መሣሪያውን ያፈነዳል ማለት አይደለም፤ አምራቹ ለግፊቱ ኃላፊነት አይወስድም ማለት ነው። ሲድኒ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት፤ ዕቃው ሲወለድ ደብረ ብርሃንን አያውቃትም።

ሙቀቱም እንደዚያው። መመሪያዎቹ የሚፈቅዱት እስከ 35 ዲግሪ ነው። የይፋትን ቆላ በሐሩር ቀን የሚያውቅ ሰው፣ መሣሪያውን መኪና ጋቢና ውስጥ ትቶ አይወርድም። አቧራው ደግሞ ፊልተሩን ቶሎ ስለሚደፍነው ትርፍ ፊልተር አብሮ መግዛት ያስፈልጋል።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ግፊቱ በሐኪም የታዘዘ ነው፤ ስለዚህ የድሮውን ትእዛዝ ይዞ ሐኪሙ ጋ መመለስ ይቀድማል (ከስምንት ዓመት በኋላ የሰው ክብደትም ጉሮሮም ይለወጣል)። በሞባይል መረብ ለሐኪም ሪፖርት የሚልከው ክፍል ለሌላ አገር መረብ የተሠራ ከሆነ እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ ሪፖርቱን የሚይዝ ሚሞሪ ካርድ ያለው ይሻላል። ማስኩ ማግኔት ካለው፣ ልብ ላይ ፔስሜከር የተገጠመለት ሰው፣ ወይም አብሮት የሚተኛ እንዲህ ያለ ሰው፣ ሐኪም ሳይጠይቅ አያድርገው።

«ስንት ቮልት ነው?»

እኔና የአጎቴ ልጅ በስልክ ስንከራከር ከረምን። እሱ አፑን ያወራል፣ እኔ ስፖንጁን አወራለሁ። አጎቴ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ስንት ቮልት ነው?»

አየሁለት። ሬስሜዱ በ24 ቮልት ነው የሚሠራ።

«የመኪናዬ ባትሪም 24 ነው» አለ።

ስንት ቀን ካነበብኩት ሁሉ ይህቺ በለጠችኝ። መብራት የሚሄድበት አገር ውስጥ ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው፤ በሌሊት ሲጠፋ ምን ይሆናል? በቀጥታ ባትሪ ላይ አይሰካም፤ አምራቹ ለመኪና የሠራው ኮንቨርተር አለ፣ እሱ ተገዛ። ማሞቂያውና የአየር ማርጠቢያው ሲጠፉ ኃይል የሚበላው ስለሚቀንስ ባትሪው ይበልጥ ያቆያል። ለቤት ደግሞ ስታቢላይዘር፤ የአሮጌውን አሟሟት አንረሳማ።

በመጨረሻ ሐኪሙ አዲስ ማዘዣ ጻፉለት፣ የአጎቴ ልጅ ገንዘቡን ላከ፣ አዲስ አውቶማቲክ መሣሪያ ከአዲስ አበባ አስመጪ ተገዛ። ከሻንጣው ዕቃ በዋጋ ይበልጣል። ግን ቁጥሩ ይታያል፣ ግፊቱን የሚሞላ ሰው አለ፣ ሲበላሽም የምንመልስበት በር አለ። አጎቴ ያለ ሥራ የተቀመጠው ሦስት ሳምንት ነው። ሦስት ሳምንት ያለ ገቢ ከባድ ነው፤ አንድ ቅጽበት ጣርማ በር ላይ ማንቀላፋት ግን ከዚያ ይከብዳል።

መሣሪያው በገባ በማግስቱ ካራቆሬ ነበርኩ። አያቴ ስትነሳ «ምነው ቤቱ ጭር አለ? ሃምሳ ሦስት ቀረ እንዴ?» አለች። እትዬ ቡናውን እየቆላች ነበር። ሌሊቱ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አልቆጠርኩም። ተኝቼ ነው ያደርኩት» አለችኝ።

በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆነ ሰዎች ወደ 936 ሚሊዮን የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸው በ2019 የወጣ ጥናት ገምቷል። ከእነሱ ስንቱን «ዱካክ ነው» ብለን፣ ስንቱን ስቀንበት እንዳለፍን እንጃ። እናንተም ቤት የሚያንኮራፋ አባት ወይም አጎት ካለ፣ ዛሬ ማታ ማንኮራፋቱን ተዉትና ዝምታውን አዳምጡ። ከአሥር በላይ ከቆጠራችሁ፣ ጠዋት ወደ ሐኪም ውሰዱት።

መልካም ሌሊት።