ስድስቱ ቀናት

እንግዲህ ጆሯችሁን አውሱኝ። ዘመኑ 1994 ዓ.ም. ነው። እኛ እንቁጣጣሽ ስንል በዋልንበት ቀን በአሜሪካ መንትዮቹ ሕንፃዎች ተደረመሱ። ሳምንት ቆይቶ፣ አቧራው ገና ሳይሰክን፣ ሌላ ሞት በፖስታ ተላከ። ኤንቨሎፑ ውስጥ ዱቄት አለ፤ ዱቄቱ አንትራክስ ነው፤ የእኛ አገር ገበሬ ከብቱን ሲፈጅበት የሚያውቀው አባ ሰንጋ።

መስከረም 22 ቀን ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ የጋዜጣ ፎቶ አዘጋጅ አእምሮውን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ላሪ ቡሽ የሚባል ሐኪም ከበሽተኛው ጀርባ የተቀዳውን ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ነገሩ አላማረውም፤ አባ ሰንጋ መሆኑን ጠረጠረ። በዚያው ግዛት ያለው የጃክሰንቪል ላቦራቶሪ ለእንዲህ ያለ ቀን አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበርና በሁለት ቀን ውስጥ ጥርጣሬው ተረጋገጠ። ሰውየው በማግስቱ ቢሞትም አገሪቱ ነቃች። እዚህ ድረስ ምላሹ የሚመሰገን ነው።

አሁን ወደ ዋሽንግተን ልውሰዳችሁ። ጥቅምት 5 ቀን፣ ሃርት በሚባለው የሴኔት ሕንፃ ውስጥ፣ ለሴናተር ቶም ዳሽል የተላከ ደብዳቤ ተከፈተና ዱቄቱ ቦነነ። ወዲያው ሐኪሞች ደረሱ፤ የሠራተኞቹ አፍንጫ ተመረመረ፤ ሲፕሮ የሚባለው መድኃኒት በዚያው ቀን ታደለ። በ28 ሰዎች አፍንጫ ውስጥ ተህዋሱ ተገኘ። ከነዚህ አንድም ሰው አልታመመም! መድኃኒት በጊዜው ሲደርስ እንዲህ ያድናል።

ነገር ግን ያ ደብዳቤ ከሰማይ አልወረደም። ሴኔት ከመድረሱ በፊት ብሬንትዉድ በሚባለው የፖስታ ማዕከል፣ በመለያ ማሽኖቹ መካከል አልፏል። በዚያ ከ2,000 በላይ ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ማሽኑ ኤንቨሎፑን ሲጨምቀው ዱቄቱ በወረቀቱ ቀዳዳዎች ሾልኮ ወጣ፤ ማሽኑም የሚጸዳው በታመቀ አየር ነበርና ይበልጥ ተበተነ። ባለሥልጣናቱ ግን የታሸገ ፖስታ አያፈስም ብለው አምነዋል። ጥቅምት 8 ቀን የፖስታ አገልግሎቱ የበላይ ኃላፊ እዚያው ማዕከሉ ውስጥ ቆመው፣ ስጋት እንደሌለ ለማሳየት ለጋዜጠኞች መግለጫ ሰጡ። ሠራተኞቹም ሥራቸውን ቀጠሉ።

ጥቅምት 11 ንጋት ላይ ቶማስ ሞሪስ የሚባል ሠራተኛ ትንፋሽ አጥሮት ለአምቡላንስ ደወለ። አንትራክስ ሳይዘኝ አልቀረም ብሎ በገዛ አንደበቱ ተናገረ። በዚያው ቀን ሞተ። ባልደረባው ጆሴፍ ከርሲን ያን ቀን ሆስፒታል ሄዶ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በማግስቱ አረፈ። ማዕከሉ የተዘጋው፣ ሠራተኞቹም መድኃኒት ማግኘት የጀመሩት ጥቅምት 11 ነው። ከሴኔቱ ሲፕሮ እስከ ፖስታ ሠራተኞቹ ሲፕሮ ስድስት ቀን።

በክፋት የተደረገ አይደለም፤ የዚያን ጊዜ እውቀት እዚያ ድረስ ነበር። ሆኖም ምላሹ ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ እነዚያን ስድስት ቀናት ካልቆጠረ ምንም አልቆጠረም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተቆጠረ። በጠቅላላው 22 ሰው ታመመ፣ 5 ሞተ። በሳንባ የሚገባው ዓይነት ያዛቸው 11 ነበሩ፤ 6ቱ ዳኑ። ቀድሞ ይህ ዓይነቱ ከያዛቸው ብዙዎቹ ያልቁ ነበርና ይህ ትልቅ ድል ነው። ወደ 10,000 ለሚጠጉ ሰዎች መድኃኒቱን 60 ቀን እንዲወስዱ ተነገራቸው። በኋላ ሲጠየቁ፣ መድኃኒቱን ከጀመሩት መካከል እስከ መጨረሻው የወሰዱት 44 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። አንዱን መድኃኒቱ ራሱ ጎዳው፤ ሌላው አደጋው አይነካኝም አለ። የታደለ ክኒን ሁሉ የተዋጠ ክኒን አይደለም።

ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለትልልቅ ከተሞች ግብ አወጣ፤ በ48 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ለመላው ነዋሪ ይድረስ አለ። ገምጋሚዎችም እየዞሩ ለየከተማው እቅድ ነጥብ ሰጡ። እቅድ ግን ወረቀት ነው። ከዚህ ሁሉ እኔ የምወደው ራንድ የሚባለው የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ያደረጉትን ነው። ወደ ጤና ቢሮዎች ስልክ ደወሉ፤ የሚያነሳው ሰው ፈተና መሆኑን አያውቅም። የምናሳውቀው አስቸኳይ ሕመም አለ ብለው፣ ባለሙያ በ30 ደቂቃ ውስጥ መልሶ ይደውል እንደሆነ በሰዓት ለኩ። አንዳንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ደወለ፤ አንዳንዱ ሰዓታት ፈጀ። ይህ ሥራን መመዘን ነው።

እዚህ አገርም ሆነ በውጭ፣ ለወረርሽኝና ለድንገተኛ አደጋ ልምምድ የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሪፖርታችሁ ላይ የመጀመሪያው ሰው መድኃኒት ያገኘበትን ሰዓት ብቻ አትጻፉ። ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ደብዳቤ የሚለየው ሰው መቼ እንዳገኙም ጻፉ። ሰዓቱን ማቆም ያለባችሁ የመጨረሻው ሰው መድኃኒቱን ሲውጥ ነው።