የዲማ ዛፎችና የነርስ ተማሪዎቻችን

ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ስሙ የሚነሳው በቅኔና በመጻሕፍት ጉባኤው ነው። እኔ ዛሬ ማንሳት የፈለግሁት ግን ተማሪው ቅኔውን የት ሆኖ ይሠራው እንደነበር ነው።

የቆሎ ተማሪ ኑሮው ጭንቅ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል፣ ውሻ ያባርረዋል፣ ዘመድ በአጠገቡ የለም። ማታ ደግሞ የሠራውን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ ይናገራል፤ ከሳተ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። ቀን ላይ ግን «ቆጠራ» የሚሉት ጊዜ አለው። ከጉባኤ ቤቱ ይወጣና ብቻውን ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ጫካው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። የት ጠፋህ የሚለው የለም፤ ቆጠራ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነውና። ሊቃውንቱ ይህን ያደረጉት ጭንቀት ለማስታገስ ነው እያልኩ አይደለም። ቅኔ ጸጥታ ስለሚፈልግ ነው። ሆኖም ለተማሪው አእምሮ መተንፈሻ ሰጥተውታል።

አሁን የነርስ ተማሪውን እዩት። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ዋርድ፣ አንዳንዴም የሌሊት ተረኛ። በሃያ ዓመቱ ሰው ሲሞት አጠገብ ይቆማል፣ በማግስቱ ፈተና ይቀመጣል። ከፊቱ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ።

የሚገርመው ሙያው ራሱ የዛፍን ጥቅም ያውቃል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከ160 ዓመታት በፊት ባሳተመችው የነርስነት መጽሐፍ፣ ታካሚ በመስኮት ውጭውን ማየት እንዳለበትና አበባም እንደሚጠቅመው ጽፋለች። በ1984 እ.ኤ.አ. ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አነጻጸረ። በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ለታካሚው ይህን የምታስተምረውን ልጅ ራሷን ማን ዛፍ ሥር ይላካት?

ቢቸናም ሆነ ሞጣ ዙሪያ የቀረው አገር በቀል ዛፍ በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለው ጽድና ወይራ ነው። ሌላው እርሻና ባሕር ዛፍ ሆኗል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ተማሪን ከከተማ ወጣ በል ማለት አይቻልም። ሞጣ የሙስሊሙም ከተማ ናት፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለሁሉም መልስ አይሆንም። የጤና ኮሌጆች በየግቢያቸው ወይራና ዋንዛ ይትከሉ። ጥላው እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ከፕሮግራሙ ላይ ለመልቀቅ ግን አንድ የዲን ፊርማ ይበቃል።