ሕፃን አዝሎ የጀመረ መካኒክ

ሶይቺሮ ሆንዳ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ያየው ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ነው። ራሱ ሲያወራው እንደኖረው፣ አንድ ፎርድ ሞዴል ቲ በመንደሩ ሲያልፍ ከኋላው ሮጠ፤ መኪናው መሬት ላይ ያንጠባጠበውን ዘይት ጎንበስ ብሎ አሸተተው፣ እጁንም ቀባው። ይቺ ታሪክ በየአነቃቂ ንግግሩ አትጠፋም። ልጁ ሮጠ፣ አለመ፣ ከዚያ ሆንዳ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ፤ አለቀ! እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ተዘሎ የሚታለፈው መሃሉ ነው። መኪና የሚወድ ልጅ በየሰፈሩ ሞልቷል። ስሙን ከሩቅ በሞተሩ ድምፅ የሚለይ፣ በካርቶን መሪ ሠርቶ በአፉ ማርሽ የሚቀይር ሁላችንም እናውቃለን። ፍቅሩ እንጀራ የሆነለት ግን ስንቱ ነው?

ሆንዳ በ1906 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ውስጥ ሃማማትሱ አጠገብ ባለች መንደር ተወለደ። አባቱ ቀጥቃጭ ነበር፤ በኋላ ብስክሌት መጠገን ጀመረ። ልጁ በትምህርት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ብረትና እሳት ግን ከቤቱ ነበሩ። በ1917 አርት ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ ሃማማትሱ መጥቶ ትርኢት ሲያሳይ፣ የአባቱን ብስክሌት ይዞ ከቤት ጠፋ። የመግቢያው ገንዘብ ስላልበቃው ዛፍ ላይ ወጥቶ አየ።

ስምንት ዓመት ተምሮ ሊጨርስ ሲል አንድ የብስክሌት መጽሔት ላይ አርት ሾካይ የሚባል የቶኪዮ ጋራዥ ማስታወቂያ አየ። ማስታወቂያው ሠራተኛ የሚፈልግ አልነበረም፤ መኪናና ሞተር ሳይክል እንጠግናለን ነው የሚለው። እሱ ግን ቅጠሩኝ ብሎ ጻፈላቸው። ና አሉት። በ1922፣ በ15 ዓመቱ፣ ቶኪዮ ገባ።

የጠበቀው ግን ሞተር አልነበረም። ወለል መጥረግ፣ ዕቃ ማቀበል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የባለቤቱን የዩዞ ሳካኪባራን ሕፃን ማዘል። ሕፃኑ ሽንቱን በለቀቀ ቁጥር ሌሎቹ ልጆች ጀርባህ ላይ የዓለም ካርታ ተሥሏል እያሉ ይስቁበት እንደነበር በኋላ ጽፏል። ለወራት እንዲህ ቆየ። ጓዙን ጠቅልሎ ሊጠፋም አስቦ ነበር። ከዚያ በረዶ በጣለ አንድ ቀን ሥራ በዛና ሳካኪባራ ና አግዝ አለው። በረዶው እየቀለጠ በሚንጠባጠብበት መኪና ሥር ተንጋሎ ገባ። እኔ ከመላ ታሪኩ አንድ ቀን ምረጥ ብባል፣ ዘይት የሸተተበትን ሳይሆን ይህን ቀን እመርጣለሁ።

በሴፕቴምበር 1 ቀን 1923 ታላቁ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮን አወደመ። እሳቱ ወደ ጋራዡ ሲቃረብ የደንበኞችን መኪና አውጡ ተባለ። ሆንዳ ነድቶ አያውቅም፤ ግን አንዷን አስነስቶ በሚሸሸው ሕዝብ መሃል አወጣት። ከእሳቱ በኋላ አብዛኞቹ ሠራተኞች ወደየአገራቸው ሲመለሱ እሱ ቀረና የተቃጠሉ መኪናዎችን መጠገን ያዘ። ጋራዥ ውስጥ ያለ ልጅ በሰላሙ ጊዜ በብዙ ዓመት የማያየውን ብልሽት በአንድ ጊዜ አየ። የዚያ ዘመን ጎማ መሃሉ ከዙሪያው የሚያያዘው በእንጨት ዘንጎች ስለነበር፣ እሳት ሲነካው መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ይህንን ያዙልኝ።

ሳካኪባራ እሽቅድምድም ይወድ ነበር። የከርቲስ አውሮፕላን ሞተር በአሜሪካ ሠራሽ ሚቸል መኪና ሻንሲ ላይ ገጥመው መወዳደሪያ ሠሩ፤ ሆንዳ በሥራው ገብቶበታል። በኖቬምበር 1924 በዚያች መኪና የሳካኪባራ ወንድም እየነዳ፣ ሆንዳ እንደ ተሳፋሪ መካኒክ ከጎኑ ተቀምጦ አሸነፉ። ሕፃን ካዘለ ገና ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አልሞላውም።

በ1928 ወደ ሃማማትሱ ተመልሶ በዚያው በአርት ሾካይ ስም የራሱን ቅርንጫፍ ከፈተ። ስድስት ዓመት ሎሌነት ማለት ነው። እኛም አገር ቁልፍ አቀባይ የሚባል አለ፤ ካንዴላና ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴና ባልስትራ የሚሉትን ከጣሊያን የወረስናቸውን ቃላት በጆሮው እየለቀመ የሚያድግ ልጅ። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ትምህርት እምቢ ያለው ልጅ መጣያ አድርጎ ነው የሚያየው። ሆንዳም ላይ ላዩን ሲታይ ያው ነበር። ልዩነቱ የተበላሸውን እየጠገነ ለምን ተበላሸ ብሎ መጠየቁ ይመስለኛል። በራሱ ጋራዥ የእንጨቱን ዘንግ ትቶ በብረት ቀልጦ የሚሠራ ፈጠረ፤ የፈጠራ መብትም አገኘበት።

ግን ጋራዥ የማያስተምረው ነገር አለ። በ30ዎቹ ዕድሜው ጥገናውን ትቶ የፒስተን ቀለበት፣ መካኒኮቻችን ፋሻ የሚሉትን፣ ልሥራ ብሎ ተነሳ። አልሆነም። ብረቱ ይሰበራል ወይም ሲሊንደሩን ይቧጥጣል። ልምዱ፣ እጁ፣ ዋንጫው ምንም አልረዱትም። በሃማማትሱ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ወደሚያስተምር መምህር ቢወስደው፣ ቀለበቱ ሲሊከን ይጎድለዋል ተባለ። ሲሊከን ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር! እና የሠራተኞች ደሞዝ የሚከፍል ጎልማሳ ከልጆች ጋር ክፍል ገባ፤ የሚፈልገውን ብቻ ተምሮ ፈተና ሳይፈተን ወጣ። ዲፕሎማ ስለተከለከለ ከሲኒማ ቲኬት ያንሳል ብሎ አጣጣለው ይባላል። ይቺን እየጠቀሱ ትምህርት አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔን አይዋጥልኝም። ወረቀቱን እንጂ ኬሚስትሪውን አልናቀም። ያም ሆኖ ለቶዮታ ካቀረባቸው 50 ቀለበቶች ፍተሻ ያለፉት 3 ብቻ ነበሩ፤ ተመልሶ ብዙ መሥራት ነበረበት።

የቀረውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በ1945 ፋብሪካውን ለቶዮታ ሸጠ። በ1946 ከጦሩ የተረፉ ትንንሽ የሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተሮችን ብስክሌት ላይ መግጠም ጀመረ፤ ብስክሌት ጠጋኙ አባቱ ይህን ሲያይ ምን እንዳለው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሆንዳ ሞተር በ1948 ተቋቋመ፤ ሽያጩንና ገንዘቡን በ1949 የመጣው ታኬዎ ፉጂሳዋ ያዘለት። የመጀመሪያው ባለ አራት ጎማ የወጣው በ1963 ነው፤ ቲ 360 የምትባል ትንሽ የጭነት መኪና። ሆንዳ 56 ዓመቱ ነበር።

በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እጆቹ አውርቷል። ቀኙ መዶሻ ይዞ ይመታል፣ ግራው ብረቱን ይዞ ይጠብቃል፤ መዶሻው ሲስት የሚመታው ግራው ነው። የግራ እጁ ጣቶች ከቀኙ አጥረው ቀርተዋል።