በኦቶካድ የማይታይ ሌየር ሁሉ አልተጠበቀም

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ከአንድ የሕንፃ ፕላን ላይ የመብራት መስመሩን ብቻ ለማስቀረት ፈለግሁ። የመብራቱን ሌየር ኦፍ አደረግሁና «ኢሬዝ» ብዬ «ኦል» አልኩት። ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። በማግስቱ ሌየሩን ኦን ሳደርገው ምንም የለም!

ኦፍ የተደረገ ሌየር ከዓይን ይሰወራል እንጂ «ኦል» ያገኘዋል። ፍሪዝ ወይም ሎክ የተደረገውን ግን አይነካውም። ኦቶካድ ከመጨረሻው ሴቭ በፊት የነበረውን ባለ «ባክ» ቅጥያ ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል፤ ቅጥያውን ወደ «ዲደብልዩጂ» ቀይሮ መክፈት ይቻላል። እኔ ሁለቴ ሴቭ ስላደረግሁ እሱም አላዳነኝም።

ብሎክ ላይም ልዩነቱ ይታያል። ብሎኩ የገባበት ሌየር ፍሪዝ ሲደረግ ብሎኩ እንዳለ ይጠፋል። ኦፍ ሲደረግ ግን በውስጡ በሌላ ሌየር የተሣለው ይቀራል። ወንበሩ ጠፍቶ ትራሱ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙዎቻችን ለመብራትና ለቤት ዕቃ እያልን አንዱን ፕላን ኮፒ እናደርጋለን። ግድግዳ ሲቀየር አንዱ ይታረማል፣ ሌላው ይረሳል፤ ስህተቱ የሚገኘው ሳይት ላይ ነው። መፍትሔው «ቪፒ ፍሪዝ» ነው፤ ፕላኑ አንድ ሆኖ፣ ሌየሩ በተመረጠው የሌይአውት መስኮት ብቻ ይደበቃል።

በቬክተርወርክስ የሚሠሩ ደግሞ ክላስንም ይመልከቱ። ሌየሩ በርቶ ክላሱ ከተዘጋ ዕቃው አይታይም።

ስክሪን ላይ እየታየ ፕሪንት የማይወጣ መስመር ካጋጠመዎት መጀመሪያ «ዴፍፖይንትስ» ሌየር ላይ መሆኑን ያጣሩ፤ ይህ ሌየር አይታተምም።