ይቺ ደሴት የማን ናት?

ጀኪል ደሴት ላይ መኪና ይዞ መግባት ይቻላል። በሩ ላይ የማቆሚያ ተብሎ ይከፈልና ይገባል። ግን መኪናውን የሆነ ዛፍ ጥላ ሥር ጥሎ ብስክሌት ያልተከራየ ሰው ደሴቷን አየሁ ባይል ይሻለዋል። ከ20 ማይል (32 ኪሎ ሜትር) በላይ የብስክሌት መንገድ አላት፤ አብዛኛው አስፋልት የለበሰ ነው። ዳገት የሚባል ነገር የለም። የእንጦጦን አቀበት ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ፔዳል መርገጥ ሳይሆን ተቀምጦ መሄድ ነው።

ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ጀኪል በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ጠርዝ፣ ከብራንስዊክ ከተማ ፊት ለፊት የተጋደመች የአሸዋ ደሴት ናት። ርዝመቷ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቷ ሁለት ተኩል ቢሆን ነው። በምሥራቅ ባሕሩ፣ በምዕራብ ጨዋማ ረግረግ፣ መሐሏ ላይ ደግሞ ከቅርንጫፋቸው የሽማግሌ ጢም የመሰለ ነገር የሚንዠረገግባቸው ትልልቅ የኦክ ዛፎች። አትላንታ ዘመድ ያላችሁ (የሌለው ማን አለ?) ከዚያ በመኪና አምስት ሰዓት ያህል ትርቃለች።

ስለ መዝናኛ ልጽፍ ግን አይደለም። ይህችን ደሴት በብስክሌት መዞር ግማሽ ቀን ይፈጃል። በዚያ ግማሽ ቀን ውስጥ መንገዱ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ያስጠይቃል፤ “ይቺ ደሴት የማን ናት?” መልሱ በሁለት መቶ ሰባ ዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ ተቀያይሯል። እያንዳንዱም መልስ መንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃችኋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ “የኛ” ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰሜን እንነሳ

በሰሜኑ ጫፍ ድሪፍትውድ ቢች የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። ስሙ “ማዕበል ያመጣው ግንድ” እንደማለት ነው። ስሙ ይዋሻል። አሸዋው ላይ አጥንት መስለው የተጋደሙት ዛፎች ከሩቅ የመጡ አይደሉም፤ እዚያው የበቀሉ ናቸው። ባሕሩ አፈሩን እየበላ መጥቶ ሥራቸውን አጋልጦ ጣላቸው። ውሃው ከሰሜን ይበላል፣ በደቡብ በኩል አሸዋ ይከምራል፤ ደሴቷም ቀስ እያለች ወደ ደቡብ ትሳባለች። ይህችን “ደቡብ” የምትባል ቃል ያዙልኝ።

ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ ጣሪያ የሌለው ባለ ሁለት ፎቅ ግድግዳ ይታያል። በ1743 ሜጀር ዊልያም ሆርተን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን የሠራው ቤት ነው። ግድግዳው “ታቢ” ይባላል። የኦይስተር ዛጎል አቃጥለው ኖራ ያወጣሉ፤ ኖራውን ከአሸዋ፣ ከውሃና ካልተቃጠለ ዛጎል ጋር ያቦኩታል፤ ከዚያ በሳንቃ መሐል ይጠቀጥቁታል። ዛሬም ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ዛጎሉ ከነቅርጹ ግድግዳው ውስጥ አለ።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። በ1733 የተመሠረተችው ጆርጂያ ገና በሁለተኛ ዓመቷ ባርነትን በሕግ ከልክላ ነበር። ክልከላው አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1751 መባቻ ላይ ተነሳ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለመገመት አይከብድም። ከ1790ዎቹ ጀምሮ ክሪስቶፍ ዱቢኞ የተባለ ፈረንሳዊ ደሴቷ ላይ ሰፈረ፤ ብዙ ሳይቆይ ጠቅልሎ ያዛት፤ በባሪያዎች ጉልበት ጥጥ ያመርትባት ጀመር። የመጀመሪያው መልስ ይሄ ነው። ደሴቷ የዱቢኞ ቤተሰብ ናት።

የገንዘብ ጌቶች

በምዕራብ በኩል፣ ረግረጉን ይዞ ሲወረድ፣ መንገዱ ድንገት ያምራል። የተከረከመ ሣር፣ ግንብ ያላት ትልቅ የእንጨት ሆቴል፣ ዙሪያዋን ደግሞ “ጎጆ” የሚባሉ ቪላዎች። ጎጆ ስላችሁ እንዳትሸወዱ፤ ከሀያ ክፍል በላይ ያለው ጎጆ አለ።

በ1886 ዱቢኞዎች ደሴቷን በ125 ሺህ ዶላር ለአንድ የሀብታሞች ክለብ ሸጡ። ክለቡ በ1888 ተከፈተ። አባላቱ እነ ጄ.ፒ. ሞርጋን፣ እነ ዊልያም ሮክፌለር፣ እነ ጆሴፍ ፑሊትዘር (የጋዜጠኝነት ተማሪ ሁሉ ስሙን የሚያውቀው ፑሊትዘር) ነበሩ። ክረምቱን ከኒውዮርክ ብርድ ሸሽተው እዚህ ያሳልፋሉ፤ ያድናሉ፣ ብስክሌት ይነዳሉ። ምግባቸውን የሚያበስሉት፣ አልጋቸውን የሚያነጥፉት ጥቁር ሠራተኞች ደግሞ ከቪላዎቹ ራቅ ብሎ ሬድ ሮው በሚባል ሰፈር ይኖሩ ነበር። ሁለተኛው መልስ፤ ደሴቷ የሚሊየነሮች ናት።

ዩቲዩብ ላይ “ዓለምን የሚመሩት የምስጢር ሰዎች” የሚል ቪዲዮ አይታችሁ ከሆነ ጀኪልን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። ነገሩ የተጋነነ ቢሆንም መነሻው እውነት ነው። በኅዳር 1910 ሴናተር ኔልሰን ኦልድሪች ጥቂት ሰዎችን ይዞ ከኒውጀርሲ በግል የባቡር ፉርጎ ተነሳ። ፖል ዋርበርግ፣ የናሽናል ሲቲ ባንኩ ፍራንክ ቫንደርሊፕ፣ የሞርጋን ሸሪክ ሄንሪ ዴቪሰንና የገንዘብ ሚኒስቴሩ ኤ. ፒያት አንድሩ አብረውት ነበሩ። ዳክዬ አደን ነው ተባለ። አገልጋዮች ማንነታቸውን እንዳይለዩ በአባት ስም መጠራራት ቀረ። እዚች ደሴት ላይ ተቀምጠው ለአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ንድፍ አወጡ። የኦልድሪች ዕቅድ እንዳለ አልጸደቀም፤ ግን በታኅሣሥ 1913 ፕሬዚዳንት ዊልሰን የፈረሙት የፌዴራል ሪዘርቭ ሕግ ብዙ ነገር ወርሶታል።

“ታዲያ እኛ ምን አገባን?” እንዳትሉኝ። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ “ዛሬ ዶላር ስንት ገባ?” ሳይል የሚውል ነጋዴ አለ? ያ ዶላር የሚታዘዝለት ተቋም ከተረገዘባቸው ቦታዎች አንዱ ይሄ ሣር ነው።

ክለቡ ግን ዘላለማዊ አልነበረም። የ1929 የገንዘብ ቀውስ አዳከመው፤ ጦርነቱ መጣና በ1942 ተዘጋ። በ1947 የጆርጂያ መንግሥት ደሴቷን በ675 ሺህ ዶላር ወሰዳት። መፈክሩም ደስ የሚል ነበር፤ የሚሊየነሮች መጫወቻ የሕዝብ መጫወቻ ትሆናለች ተባለ። በ1954 ደሴቷን ከዋናው ምድር የሚያገናኘው መንገድ ተከፈተ። ሦስተኛው መልስ እንግዲህ፤ ደሴቷ የሕዝብ ናት።

የቱ ሕዝብ?

ደቡባዊው ጫፍ

ብስክሌቱን ወደ ደቡብ ስትገፉት ሰው ይቀንሳል። ቪላው ይቀራል፣ አይስክሬም ሻጩ ይቀራል፤ ዛፉና መንገዱ ብቻ ይቀራሉ። መጨረሻው ላይ ሴንት አንድሩስ የሚባል ጸጥ ያለ የባሕር ዳርቻ አለ።

ደሴቷ የተገዛችው በጆርጂያ ሕዝብ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ የጥቁሩም ግብር አለበት። ግን ዘመኑ የመለያየት ሕግ ዘመን ነበር። ጥቁሮች ባሕር ውስጥ እንኳ ከነጭ ጋር አብረው መግባት አይችሉም። አቤቱታው ሲበዛ በ1950 ይሄ ደቡባዊ ዳርቻ ለነሱ ተለየ። በጆርጂያ የባሕር ጠረፍ በሙሉ ጥቁር ሰው በሕግ ገብቶ የሚዋኝበት የመጀመሪያው የሕዝብ ዳርቻ ይሄ ነበር። በ1959 ዶልፊን ክለብ የሚባል ሞቴል ተከፈተ፤ ኦቲስ ሬዲንግን የመሰሉ ዘፋኞች መጥተው ተጫወቱ። ቤተሰቦች ከሩቅ በአውቶቡስ እየመጡ ቅዳሜና እሑዳቸውን አሳለፉበት። የተሰጣቸውን ጥግ ወስደው ሕይወት ዘሩበት። ግን ጥግ ጥግ ነው። የመብት ታጋዮች ከሰሱ፤ በ1964 በፌዴራል ፍርድ ቤት ትእዛዝ መላዋ ደሴት ለሁሉም ተከፈተች። አራተኛው መልስ የተገኘው ያኔ ነው።

የማትረሳው ነገር ገና ነው። ይህ ለጥቁሮች “የተሰጠ” ዳርቻ ያለበት አካባቢ ከዚያ በፊትም ጥቁሮችን አይቶ ያውቃል።

በ1857 ኒውዮርክ ውስጥ ዋንደረር የምትባል የቅንጦት ጀልባ ተሠራች። ለውድድርና ለሽርሽር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዊልያም ኮሪ የተባለ ሰው ገዛት፤ ከጀርባው ግን የሳቫና ከተማው ነጋዴ ቻርልስ ላማር ነበር። ባሪያ ከውጭ ማስገባት በአሜሪካ ከ1808 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ዋንደረር ግን የኒውዮርክ ያት ክለብን ዓርማ አውለብልባ፣ ሆዷ ውስጥ ለብዙ መቶ ሰው የሚበቃ የውሃ ታንከር ሸሽጋ ኮንጎ ወንዝ ደረሰች። የሀብታም ጀልባ ማን ይጠረጥራል? ወደ 487 ሰዎች ጫነች፤ ብዙዎቹ ወጣቶችና ልጆች ነበሩ። ኅዳር 28 ቀን 1858 ጀኪል ላይ ስታራግፍ 409 ያህሉ በሕይወት ነበሩ። የቀሩት ባሕሩ ውስጥ ቀሩ። በኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። የዱቢኞ ልጆች ጀልባዋ እንድታርፍ ተባብረዋል። ሰዎቹ በትናንሽ ቡድን ተከፋፍለው ጆርጂያና ደቡብ ካሮላይና ተሸጡ።

ነገሩ ወጣ፤ ክስም ተመሠረተ። ሳቫና ላይ የተሰየመው ጁሪ ግን በባሪያ ንግዱ አንድም ሰው ጥፋተኛ አላለም። ሕጉ አለ፣ ምስክሩ አለ፣ 409 ሰው አለ፤ ጥፋተኛ የለም። ዋንደረር የመጨረሻዋ የባሪያ መርከብ ናት የሚሉ አሉ፤ አይደለችም። በ1860 ክሎቲልዳ የምትባል መርከብ አላባማ ገብታለች።

ከነዚያ 409 ሰዎች አንዱ ሲሉካንጊ ይባላል። አሜሪካ “ዋርድ ሊ” አለችው። በ1904፣ ከመጣ አርባ ስድስት ዓመት በኋላ፣ አንድ ልመና አሳተመ፤ ወደ አፍሪካ፣ ወደ አገሩ እንዲመለስ ሰዎች ገንዘብ እንዲያዋጡለት። አልተሳካለትም፤ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ሞተ። በዚያው በ1904 የጀኪል ክለብ ሰዎች ቪላዎቻቸው መሐል ቆንጆ የጸሎት ቤት ሠርተዋል። ሁለቱ የአንድ ዓመት ነገሮች ናቸው። የጸሎት ቤቱ ዛሬም ይጎበኛል፣ ሠርግም ይደገስበታል። የሲሉካንጊን ስም ግን አሁንም ስንት ጎብኚ ሰምቶት ያውቃል?

ፍትሐዊ ልሁን። በ2008፣ በ150ኛ ዓመቱ፣ ሴንት አንድሩስ ላይ ለዋንደረር ሰዎች መታሰቢያ ቆመ። በ2018 ደግሞ ኡምዋላ በሚባል ልጅ በኩል ታሪኩን የሚተርክ የእግር መንገድ ተከፈተ። መቶ ሃምሳ ዓመት ዘገየ፤ ግን መጣ።

እኛስ?

ይህን አንብቦ “የነጮች ጉድ” ብሎ መዝጋት ለሐበሻ ቀላል ነው። አይቻልም ግን። በዚያው በ19ኛው መቶ ዘመን ከኛው ምድር የተያዙ ሰዎች በምጽዋና በታጁራ በኩል ቀይ ባሕርን ይሻገሩ ነበር። የያዟቸውና የሸጧቸው ነጮች አልነበሩም። በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስንሆን ባርነትን እናጠፋለን ብለን ቃል ገብተናል፤ ጠቅልሎ የሻረው አዋጅ የወጣው ግን በ1942 ነው። አያቶቻችን የሚያስታውሱት ዘመን ነው። ሲራራ ነጋዴው ያለፈባቸውን ከተሞች እንወዳቸዋለን፤ ቡናውን፣ ዝባዱን፣ አሞሌውን እንተርካለን። ከአሞሌው ጋር አብሮ የተነዳውን ሰው የምትጠራ አንዲት ድንጋይ ግን የት አለች? ጀኪል ያፈረችበትን ነገር መንገድ ዳር ጻፈችው። እኛ ገና አልጻፍነውም። ካልተጻፈ ደግሞ ስድቡ ብቻ ይቀራል፤ ያ ስድብ ዛሬም በየሰፈሩ በሕይወት አለ።

ስለዚህ ጀኪል የምትሄዱ ካላችሁ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ብስክሌት ስትከራዩ ካርታው ወደ ቪላዎቹ ይመራችኋል። እናንተ ግን መጀመሪያ ወደ ደቡብ ታጠፉ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ አይደክማችሁም። ቪላው ቆይታችሁ ብትመለሱም የትም አይሄድም።

ቸር ያሰንብተን።